የእሁዱ ዕዳ፤ ጊ ደ ሞፓሳንና ከታሪኮቹ የተወለዱት አጫጭር ፊልሞች

ለፈረንሳዮች ሐምሌና ነሐሴ እንደኛ የዝናብ ሳይሆኑ የፀሐይና የሽርሽር ወራት ናቸው። በ1936 ግን ሰማዩ ፀባዩን ቀየረ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከፓሪስ በስተደቡብ፣ ሎዋን በሚባል ወንዝ ዳርቻ የሰፈረ አንድ የፊልም ቡድን ዝናቡ እስኪያባራ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ዳይሬክተሩ ዣን ረኗር ነው። በረዳትነት ከያዛቸው ወጣቶች መካከል ኋላ በየሙያቸው ዓለም ያወቃቸው ፈረንሳዊው ዣክ ቤከር፣ ጣሊያናዊው ሉኪኖ ቪስኮንቲና ፎቶግራፍ አንሺው አንሪ ካርትዬ ብሬሶን ይገኙበታል። ይህ ሁሉ ባለሙያ የተሰበሰበው ለትልቅ ፊልም አልነበረም። አርባ ደቂቃ ገደማ ለሚፈጅ አጭር ፊልም ነበር። ታሪኩም ቀላል ነው። አንዲት ወጣት ለአንድ እሁድ ከቤተሰቧ ጋር ከከተማ ትወጣለች፤ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ያማልላታል፤ በማግስቱ ወደ ሱቅ ኑሮዋ ትመለሳለች።

ዝናቡ እምቢ አለ። ቀኑም ገንዘቡም አለቀ። ረኗርን ሌላ ፊልም ይጠብቀው ስለነበር ሥራውን ሳይጨርስ ሄደ። ያልተቀረጹ ትዕይንቶች ቀሩ። ፊልሙ ተቀናብሮ ለሕዝብ የታየው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1946 ነው። ያም ሆኖ ከአጭር ልቦለድ ስለተሠሩ አጫጭር ፊልሞች በተወራ ቁጥር ስሙ ከፊት ከሚጠሩት አንዱ ይኸው ያላለቀ ሥራ ነው።

ታሪኩን የጻፈው ሰው ግን ሲኒማ የሚባል ነገር በዓይኑ ሳያይ ነው ያለፈው። የሉሚዬር ወንድማማቾች በፓሪስ ለተመልካች ገንዘብ አስከፍለው የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች ባሳዩበት በ1895 መጨረሻ፣ እሱ ከሞተ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት ነበር። ዕድሜው ገና 42 ነበር። የሞተው በአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ውስጥ ነው፤ ለዚያ ያበቃው በሽታም ከእነዚያው ታሪኮቹ ከሚያወሩት የማማለል ኑሮ የተረፈው ዕዳ ነበር። የጊ ደ ሞፓሳንን ሕይወትና ታሪኮቹ ወደ ፊልም የተጓዙበትን መንገድ አንድ ላይ ማየት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሞፓሳን ኦገስት 5 ቀን 1850 በሰሜን ፈረንሳይ በኖርማንዲ፣ በዲዬፕ ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው ሚሮሜስኒል በተባለ ግንብ ተወለደ። እናቱ ሎር ለ ፖትቬን መጽሐፍ ወዳድና አስተዋይ ሴት ነበረች። አባቱ ጉስታቭ ደግሞ ሴት አሳዳጅ ነበር። ትዳሩ ጊ ገና አሥር ዓመት ካለፈው ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ፈረሰ ይባል እንጂ ፍቺ በፈረንሳይ ከ1816 ጀምሮ በሕግ ተከልክሎ ስለነበር፣ ባልና ሚስት ቢለያዩ እንኳ እንደገና ማግባት አይችሉም። ክልከላው የተነሳው በ1884 ነው። እናትየው ሁለቱን ወንዶች ልጆቿን፣ ጊንና ታናሹን ኤርቬን ይዛ ኤትርታ በተባለች የባሕር ዳር መንደር ኑሮዋን ቀጠለች። የአባትን መማገጥ ዋጋ እናት ስትከፍል ልጁ አጠገቧ ሆኖ አይቷል። ከዓሣ አጥማጅና ከገበሬ ልጆች ጋር እየዋለ፣ የአካባቢውን ሰው አነጋገርና ተንኮል እየለቀመ አደገ።

ለትምህርት ኢቭቶ በሚገኝ የካህናት ትምህርት ቤት ገባ፤ አልተስማማውም፤ በምግባሩ ተባረረ። ቀጥሎ በሩዋን ከተማ ሲማር ገጣሚው ሉዊ ቡዬ አገኘውና ጽሑፎቹን እያየ ይመክረው ጀመር። ቡዬ በ1869 ሲሞት ሞፓሳን ሕግ ሊማር ፓሪስ ገባ። በዓመቱ ግን የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ፈነዳ፤ የሃያ ዓመቱ ወጣት ወታደር ሆነ። የተሸነፈ ጦር ሲያፈገፍግ፣ ጀርመኖች ኖርማንዲን ሲይዙ፣ ሹማምንትና ባለሀብቶች ከወራሪው ጋር ሲሞዳሞዱ ተመለከተ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1872 በባሕር ኃይል ሚኒስቴር ጸሐፊነት ተቀጠረ። ደመወዙ አነስተኛ፣ ሥራው አሰልቺ፣ አለቆቹ ጨቅጫቃ ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቀው አንድ ቀን ነበር፤ እሁድ። እሁድ ሲመጣ ከጓደኞቹ ጋር በሴን ወንዝ ላይ ይቀዝፋል። ቤዞን፣ አርዣንቶይ፣ ሻቱና ቡጂቫል ከፓሪስ በባቡር የሚደረስባቸው የወንዝ ዳር መዝናኛዎች ነበሩ። ክንደ ብርቱ፣ ደረተ ሰፊና ፂማም የሆነው ጸሐፊ በእነዚህ ቦታዎች የታወቀ ቀዛፊና የታወቀ አማላይ ሆነ። ከከተማ ለአንድ ቀን ሽርሽር የሚመጡትን የሱቅ ሠራተኞች፣ ልብስ ሰፊዎችና የነጋዴ ቤተሰቦች ያያል፤ ይስቃል፤ ያጫውታል። በዚያው ወንዝ ላይ የዘመኑ ሠዓሊዎችም ሸራቸውን ዘርግተው ይሥሉ ነበር። ከእነሱ አንዱ ኦጉስት ረኗር በ1880 እና በ1881 የቀዛፊዎችን የምሳ ግብዣ የሚያሳየውን ዝነኛ ሥዕሉን የሠራው ሻቱ ላይ ነው። የኋላው የፊልም ሰው ዣን ረኗር የዚህ ሠዓሊ ልጅ ሲሆን፣ የተወለደው ሞፓሳን በሞተ በዓመቱ ነው።

ሞፓሳንን ጸሐፊ ያደረገው ሰው ጉስታቭ ፍሎቤር ነው። ፍሎቤር የእናቱ የልጅነት ወዳጅ፣ የሟች አጎቱም የልብ ጓደኛ ነበር። ልጁን እንደ ልጁ ተቀበለው። ሰባት ዓመት ያህል የሚጽፈውን እያረመ፣ እንዳያሳትም እየከለከለ አሠለጠነው። ትምህርቱ በዋነኛነት ዓይንን የሚመለከት ነበር። በሱቁ ደጃፍ የተቀመጠን ነጋዴ ከሌላው ነጋዴ፣ አንድን የጋሪ ፈረስ ከተከተሉት ሃምሳ የጋሪ ፈረሶች የሚለየውን ነገር በጥቂት ቃል እንዲያሳይ ያዘው ነበር። ሐሳብን ከመተረክ ይልቅ የሰውን አቀማመጥ፣ አለባበስና እጅ ማሳየት የሚለው ይህ ትምህርት፣ ሲኒማ ሳይፈጠር ለሲኒማ የሚሆን አጻጻፍ ሰጠው ማለት ይቻላል። ፍሎቤር ሌላም ጭንቀት ነበረበት። ተማሪው ለቀዘፋና ለሴት የሚያጠፋው ጊዜ ለጽሑፍ ከሚያውለው መብለጡን እያየ በደብዳቤ ይገሥጸው ነበር።

በ1877 ሞፓሳን ቂጥኝ እንደያዘው አወቀ። በዚያ ዘመን መድኃኒቱ አልተገኘም፤ ፔኒሲሊን የመጣው ብዙ አሥርት ዓመታት ቆይቶ ነው። ወጣቱ ግን ነገሩን እንደ ቀልድ ወሰደው፤ ለጓደኛው ሲጽፍም ጎረረበት። ጤነኛ መስሎ በታየባቸው ዓመታት በሽታው በውስጡ ሥራውን እየሠራ ነበር።

1880 የሞፓሳን ዓመት ነው። በዓመቱ መግቢያ በወንዝ ዳር ስለሚገናኙ ወንድና ሴት በጻፈው ግጥም የሕዝብን ሥነ ምግባር ተጋፍተሃል ተብሎ ሊከሰስ ነበር። ፍሎቤር በጋዜጣ ተሟገተለትና ክሱ ተቋረጠ። በሚያዝያ ደግሞ ኤሚል ዞላና ወዳጆቹ በጋራ ባሳተሙት የጦርነት ታሪኮች መድበል ውስጥ «ቡል ደ ስዊፍ» የተሰኘው ታሪኩ ወጣ። በጦርነቱ ጊዜ በአንድ ሠረገላ የሚጓዙ ጨዋ ነን ባዮች፣ አብራቸው የተሳፈረችውን ሴተኛ አዳሪ ለጀርመን መኮንን እንድትሰጥላቸው አግባብተው፣ ለምነውና አባብለው ካስማሙ በኋላ ይጸየፏታል። ታሪኩ ሞፓሳንን ባንድ ጊዜ ስመ ጥር አደረገው። ፍሎቤር ደስታውን ገልጦ ብዙም አልቆየም፤ በሜይ 8 ሞተ።

በሚቀጥለው ዓመት የወጣው የመጀመሪያው የአጭር ልቦለድ መድበሉ «የቴሊዬ ቤት» ይባላል። የጽሑፋችን መነሻ የሆነው «የገጠር ሽርሽር» በዚህ መድበል ውስጥ ይገኛል። ሙሴ ዱፉር የብረታ ብረት ዕቃ ነጋዴ ነው። በሚስቱ የስም ቀን ከወተት ሻጭ ጋሪ ተውሶ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቤዞን ይወጣል። ሚስቱ፣ አያትየዋ፣ ልጁ አንሪዬትና ቢጫ ፀጉር ያለው የሱቁ ሠራተኛ አብረው አሉ። አንሪዬት ዥዋዥዌ ላይ ትወጣለች። ሁለት ቀዛፊዎች ያዩዋታል። ከምሳ በኋላ አባትየውና ሠራተኛው ከወይን ጠጁ ጋር ሲንገዳገዱ፣ ቀዛፊዎቹ እናትና ልጅን ለየጀልባቸው ተካፍለው ይወስዳሉ። አንሪ የተባለው አንሪዬትን በአንዲት ደሴት ላይ ዛፎች ወደከለሉት ቦታ ያመጣታል። ወፍ ትዘምራለች። ልጅቷ ታለቅሳለች፤ እጁን ትገፋለች፤ በመጨረሻ ትረታለች። ሞፓሳን የሆነውን አይነግረንም። ስለ ወፏ ዝማሬ ብቻ ያወራል፤ አንባቢው ከዝማሬው ሁሉን ይረዳል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የወንዝ ዳር ጨዋታ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ሁለት አጭር ገጾች ቀሩት። አንሪ ከሁለት ወር በኋላ ፓሪስ ውስጥ በዱፉር ሱቅ በኩል ሲያልፍ ይገባና አንሪዬት ያንን ቢጫ ፀጉር ሠራተኛ ማግባቷን ይሰማል። በዓመቱ በአንድ ሞቃት እሁድ ወደ ደሴቷ ሲሄድ፣ እሷ እዚያው ሣር ላይ ተቀምጣ ያገኛታል። ባሏ አጠገቧ ተዘርሮ ያንኮራፋል። ጥቂት ቃል ይለዋወጣሉ። ያንን ቀን እሱ አልፎ አልፎ ያስታውሰው ይሆናል፤ እሷ ግን በየምሽቱ እንደምትኖረው ከንግግሯ እንረዳለን። ባልየው ይነቃል፤ የመሄጃ ሰዓት ነው ይላል። በቃ።

ከዚህ በኋላ ያሉት አሥር ዓመታት የማያባራ የሥራ ዓመታት ናቸው። ሞፓሳን ወደ 300 የሚጠጉ አጫጭር ልቦለዶችና ስድስት ረጃጅም ልቦለዶች ጻፈ። አብዛኞቹ አጫጭር ታሪኮች መጀመሪያ የወጡት «ዢል ብላስ» እና «ለ ጎሎዋ» በተባሉ ጋዜጦች ላይ ነው። አንባቢው ጋዜጣውን አጥፎ ሥራ ከመግባቱ በፊት ታሪኩ ማለቅ አለበት። አንድ ሁኔታ፣ ሦስት አራት ሰው፣ አንድ መዞሪያና አንድ መቋጫ የሚለው የሞፓሳን ቅርጽ ከዚህ የጋዜጣ ዓምድ ጥበት የተወለደ ነው። ለአጭር ፊልም የሚስማማውም ይኸው ቅርጽ ነው።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ማማለል ደጋግሞ ይመጣል። ሞፓሳን ግን ከድሉ ይልቅ ከድሉ ማግስት ያለውን ሂሳብ መያዝ ይወዳል። በ«የእርሻ ቤቷ ገረድ ታሪክ» ሮዝ የተባለች የቤት ሠራተኛ በጋብቻ ተስፋ ትታለላለች፤ ሰውየው ሲጠፋ ልጇን በምስጢር ወልዳ ሌላ ሰው ዘንድ ታሳድጋለች። በ«ያ አሳማ ሞረን» አንድ ባለሱቅ ባቡር ውስጥ ያገኛትን ወጣት በግድ ሊስም ሲል ይያዛል፤ ዕድሜ ልኩን አሳማ ተብሎ ይቀራል። ጉዳዩን ሊያስታርቅ የተላከው መልከ መልካም ጋዜጠኛ ግን ያችኑ ልጅ በዘዴ አማልሎ፣ ኋላ የተከበረ የምክር ቤት አባል ይሆናል። ተግባሩ እምብዛም አይለያይም፤ የሚለያየው ስምና መልክ ነው። በ1885 የወጣው ረጅሙ ልቦለድ «ቤል አሚ» ደግሞ ሴቶችን እንደ መሰላል ረግጦ የሚወጣ ጋዜጠኛን ታሪክ ይተርካል።

ጸሐፊው ራሱ ከዚህ ሂሳብ ነፃ አልነበረም። በጽሑፉ ሀብታም ሆነ፤ ኤትርታ ላይ ቤት ሠራ፤ በልቦለዱ ስም የሰየማት የመዝናኛ ጀልባ ገዛ። ትዳር አልያዘም። የሕይወት ታሪኩን ያጠኑ ጸሐፍት ከአንዲት ሴት ሦስት ልጆች እንደነበሩት ይናገራሉ፤ ስሙን ግን አልሰጣቸውም። የተካዱ ልጆችና ስም የሌላቸው እናቶች በታሪኮቹ እንደሚመላለሱ ያየ አንባቢ፣ ብዕሩ ያወቀውን ሰውየው በኑሮው እንዳልፈጸመው ይታዘባል።

ከ1880ዎቹ አጋማሽ በኋላ በሽታው ገንፍሎ ወጣ። ዓይኖቹ ታመሙ፤ ራስ ምታቱ አላስቀምጥ አለው፤ ለማስታገሻ ኤተር መሳብ አበዛ። በ1887 ያሳተመው «ሎርላ» በዓይን የማይታይ ፍጡር ስለሚያስጨንቀው ሰው የሚያወራ አስፈሪ ታሪክ ነው። በ1889 ታናሽ ወንድሙ ኤርቬ አእምሮው ታውኮ በማገገሚያ ውስጥ ሞተ። ሞፓሳን ተራው እየደረሰ መሆኑን ሳያውቅ አልቀረም። በ1892 አዲስ ዓመት ሰሞን ካን ከተማ ውስጥ ሕይወቱን ለማጥፋት ሞክሮ ተረፈ። ፓሪስ፣ ፓሲ ወደሚገኘው የዶክተር ብላንሽ የአእምሮ ሕሙማን ማገገሚያ ተወሰደ። ዳግም ብዕር አንስቶ ታሪክ አልጻፈም። ጁላይ 6 ቀን 1893 አረፈ፤ በሞንፓርናስ መካነ መቃብር ሲቀበር ዞላ የስንብት ንግግር አደረገ። እናቱ ሁለቱንም ልጆቿን ቀድማቸው ሳትሄድ እስከ 1903 ኖረች።

በሞተ በዓመቱ ከባዱ ፍርድ ከሩሲያ መጣ። ሊዮ ቶልስቶይ ለሞፓሳን ሥራዎች የሩሲያኛ ትርጉም በ1894 መግቢያ ጻፈ። ደራሲውን ያደንቃል፤ «አንድ ሕይወት» የተሰኘውን ረጅም ልቦለዱንም ከፍ አድርጎ ያየዋል። «የገጠር ሽርሽር»ን ግን ይወቅሳል። ክንዳቸውን ያራቆቱ ሁለት ቀዛፊዎች አንዱ እናትን አንዱ ልጅን ሲያማልሉ፣ ደራሲው ነገሩን እንደ ደስ የሚል ቀልድ አቅርቦታል ባይ ነው። ክፉውን ከደጉ ለይቶ አያሳይም፤ በተበደለው ወገን አይቆምም ሲል ይከሰዋል።

ክሱ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። በተለይ ፈቃድ የሚለውን ነገር እንደ ዋና ጥያቄ የሚያይ የዛሬ አንባቢ፣ ልጅቷ እጁን ስትገፋ ደራሲው ለምን ወደ ወፏ ዞር አለ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለቶልስቶይ ከሁሉ የተሻለውን መልስ የሰጠው ግን ሌላ ደራሲ ሳይሆን ከ42 ዓመት በኋላ የመጣው የዣን ረኗር ፊልም ነው።

ረኗር ታሪኩን ለማስረዘም አልሞከረም። ከመነሻው አጭር ግን ሙሉ ፊልም ለመሥራት አቀደ። በእሱ ዘመን የሴን ዳርቻ በፋብሪካና በቤት ተሞልቶ ስለነበር የሞፓሳንን ወንዝ ሎዋን ላይ ፈለገው። ሲልቪያ ባታይ አንሪዬትን፣ ጄን ማርከን እናቷን ሆነው ተጫወቱ። ረኗር ራሱ የምግብ ቤቱን ባለቤት ሆነ። ከዚያ በታሪኩ ላይ ጥቂት፣ ግን ወሳኝ ነገር ጨመረ። በፊልሙ ቀዛፊዎቹ ሴቶቹን ከማግባባታቸው በፊት ይነጋገራሉ፤ አንሪ የእንዲህ ያለ ጨዋታ መዘዝ በሴቲቱ ሕይወት ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል አንስቶ ያመነታል። እያወቀ ይሠራዋል ማለት ነው። ተመልካቹ ከዚህ በኋላ የሚያየውን ሁሉ እንደ ቀልድ ሊያየው አይችልም።

ሁለተኛው ነገር ካሜራው የሚቆምበት ቦታ ነው። አንሪዬት ዥዋዥዌ ስትጫወት ካሜራው እንደ ወንዶቹ ከሩቅ ብቻ አያያትም፤ አብሯት ይወዛወዛል፤ የእሷ ደስታ የእኛ ይሆናል። በደሴቲቱ ላይ ደግሞ ሞፓሳን ወደ ወፏ ዞር ባለበት ሰዓት ረኗር ወደ ፊቷ ይቀርባል። ከመሳሙ በኋላ እንባ ያቀረረ ዓይኗ ስክሪኑን ይሞላዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ ነው። ሥራውን ያበላሸው ያ ዝናብ ፊልሙ ውስጥ ገባ። ካሜራው በሚሸሽ ጀልባ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ ሲሮጥ፣ የወንዙ ፊት በጠብታ ሲቦጫጨር እናያለን። አንድም ቃል ሳይነገር እሁዱ ማለቁን እናውቃለን።

የፓሪሱ የሱቅ ትዕይንት አልተቀረጸም። ከጦርነቱ በኋላ ረኗር አሜሪካ ሳለ፣ ማርጌሪት ረኗር ከጦርነቱ የተረፈውን ኔጋቲቭ ስታቀናብር ክፍተቱ በአጭር ጽሑፍ ተሸፈነ፤ ዦዜፍ ኮዝማ ሙዚቃ ጨመረበት። ጉድለቱ ግን ፊልሙን አልጎዳውም፤ እንዲያውም ጠቀመው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዝናቡ በቀጥታ ወደ ደሴቲቱ ዳግም ግንኙነት ስንሻገር፣ በመሃል የጠፉት ዓመታት ለአንሪዬትም እንዲሁ ባዶ እንደነበሩ ይሰማናል።

ከረኗር በኋላ ብዙዎች ሞክረዋል። ማክስ ኦፉልስ በ1952 ሦስት የሞፓሳን ታሪኮችን «ለ ፕሌዚር» በተሰኘ አንድ ፊልም አቀናጅቶ አቀረበ። የኦፉልስ ብልሃት የተራኪውን ድምፅ ማስቀረቱ ነው። ደራሲው ራሱ በጨለማ ተቀምጦ ለተመልካች የሚያወራ እስኪመስል ድረስ፣ የሞፓሳን ምፀት በድምፅ ይመጣል፤ ምስሉ ደግሞ ሐዘኑን ይሸከማል። ሦስተኛው ታሪክ «ሞዴሏ» አንድ ሠዓሊ አማልሎ አብሯት ከኖረ በኋላ ስለሰለቻት ሴት ነው። ከተውከኝ በመስኮት እዘላለሁ ትለዋለች፤ አያምናትም። ሲሞን ሲሞን ደረጃውን ስትወጣ ካሜራው የእሷን ዓይን ይሆንና ከመስኮቱ አብሯት ይወድቃል። ሴትየዋ እግሮቿ ተሰብረው ትተርፋለች። ሠዓሊው ያገባታል፤ ቀሪ ዘመኑን በባሕር ዳር ተሽከርካሪ ወንበሯን ይገፋል። እዚህም የሚታየው ያው ሂሳብ ነው፤ ልዩነቱ የዚህኛውን ከፋይ ሁለቱም መሆናቸው ነው።

ከታሪኩ ርቆ የሄደም አለ። ዣን ሉክ ጎዳር በ1966 የሠራው «ማስኩለን ፌሚነን» መነሻው ሁለት የሞፓሳን ታሪኮች ነበሩ፤ አንደኛው ከመስኮት ሆና የሴተኛ አዳሪን የጥሪ ምልክት ለቀልድ አስመስላ ወንድ ስለምትጠራና ጉድ ውስጥ ስለምትገባ ባለትዳር ሴት ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ከሁለቱ ታሪኮች የቀረው እጅግ ጥቂት ነበር። ጎዳር የራሱን ዘመን ወጣቶች ፊልም ሠራ፤ ጥሩ ፊልም ነው፤ የሞፓሳን ግን አይደለም። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ የፈረንሳይ ሁለተኛው ቴሌቪዥን ታሪኮቹን በየክፍሉ ለብቻ እያደረገ በተከታታይ አቅርቧቸዋል። ክሎድ ሻብሮል «የአንገት ጌጡ»ን፣ ዴኒ ማልቫል የእርሻ ቤቷን ገረድ ታሪክ ሠርተዋል። በጋዜጣ ዓምድ የተወለዱት ታሪኮች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው በየሳሎኑ የምሽት ፕሮግራም ሆኑ።

ከእነዚህ ሙከራዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የማማለል ታሪክን ወደ ፊልም የሚመልስ ሰው ትልቁ ፈተናው አማላዩን ማሳመር አይደለም፤ እሱ ቀላል ነው። መልከ ቀና ተዋናይ፣ ወንዝና ሙዚቃ ካለ ሥራው ግማሽ አልቋል። ፈተናው ከመሳሙ በኋላ ያሉትን ሁለት ገጾች አለመቁረጥ ነው። ለንግድ የሚሠሩ ፊልሞች ብዙ ጊዜ የሚቆርጡት እነዚያኑ ገጾች ነው፤ ወይም ከሃያ ገጽ የማያልፈውን ታሪክ ለሁለት ሰዓት ለጥጠው፣ ያልነበረ ሠርግ ወይም ያልነበረ በቀል ያክሉበታል። አጭር ፊልም ገንዘብ ስላጣ ብቻ አጭር የሚሆን ሥራ አይደለም። አንዳንድ ታሪክ ልኩ ይኸው ስለሆነ ነው።

ሞፓሳን ካረፈ ብዙ ዘመን ስለሆነ ዋናዎቹ ጽሑፎቹ ከቅጂ መብት ጥበቃ ወጥተዋል። የትርጉም ሥራዎች የየተርጓሚዎቻቸው መብት አለባቸው እንጂ ታሪኮቹን ማንም ወጣት ፊልም ሠሪ አንስቶ ሊሠራባቸው ይችላል። ውድ ሠረገላ ወይም የጦር ሜዳ አይፈልጉም። አንድ ጀልባ፣ አንድ ሱቅና አራት ሰው ይበቃቸዋል። የቶልስቶይ ጥያቄ ግን አብሯቸው ይጓዛል። ካሜራህን ከማን ጎን ታቆማለህ ብሎ ይጠይቃል።

ሞፓሳን በዚያ ወንዝ ላይ በነበሩት እሁዶቹ ከአማላዮቹ አንዱ ነበር። ከቀዛፊዎቹ ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በባንኮኒ ኋላ ዕድሜዋን የምትጨርሰውን ሴት ማየት መቻሉ ደራሲ አደረገው። አይቶም በኑሮው አለመታረሙ ደግሞ የገዛ ሕይወቱ ታሪክ ነው። በታሪኩ መጨረሻ አንሪዬት ከባሏ ጋር ወደ ቤቷ ትሄዳለች፤ አንሪ ብቻውን ወንዙ ዳር ይቀራል። እሷ ዕዳውን በየምሽቱ ስትከፍል ኖራለች። ይህን የጻፈው ሰው የራሱን የከፈለው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ወንዝ በማይታይበት ክፍል ውስጥ ነው።